ልጅቱ ትበላለች

ልጅ ሳለሁ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ በር ይገባ ነበር። እግሮቼ ሸንበቆ፣ ክንዶቼ ክር፣ ፊቴ አመድ የነካው የሚመስል፣ ሆዴ ግን እንደ ከበሮ የተወጠረ ነበርና የሕንፃችን ልጆች ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ «ውስጡ ማን አለ?» እያሉ ጣታቸውን ይቀስሩብኝ ነበር። የምንኖረው አሽዶድ ውስጥ፣ ሮቫ ቫቭ በሚባለው ሰፈር፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። በአንዱ ክፍል እኔና እናቴ እንተኛለን፤ በሌላው የእናቴ አባት፣ አባባ ጌጡ። አባቴ ከእናቴ ተለያይቶ ወደ ሰሜን ከሄደ ቆይቷል። እናቴ ሳይነጋ ተነሥታ አድ ሃሎም ወዳለው ፋብሪካ ትሄድና ቀኑን ሙሉ ቆማ ዕቃ ስታሽግ ውላ ትመለሳለች፤ ስለዚህ ያኔ ከትምህርት ቤት የሚቀበሉኝም፣ ምሳዬን የሚያሞቁልኝም፣ ስሜን የሚያቆላምጡልኝም አባባ ነበሩ። በመታወቂያ ላይ ስሜ ማዛል ነው። አባባ ትርጉሙ ዕድል መሆኑን ከሰሙ ጀምሮ «እድሌ» እንጂ ሌላ ብለው ጠርተውኝ አያውቁም።

አባባ በአገራቸው በወገራ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ቢላ ከእሳት ያወጡ ነበር። እኔ ሳልወለድ እናቴን ይዘው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲመጡ መዶሻና ወናፋቸው እዚያው ቀረ፤ አሽዶድ ደግሞ ማረሻ የሚያስቀጠቅጥ ሰው የለባትም። የቀረላቸው የፍም ፍቅር ብቻ ነበር። ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅና ከወደቡ በኩል ጨዋማ ነፋስ ሲነሣ፣ የአገሩ ሰው በየበዓሉ ሥጋ የሚጠብስባትን ማንጋል የምትባል የከሰል ምድጃ ተሸክመው ከሕንፃው ኋላ ወዳለው ባዶ ቦታ ይወርዱ ነበር። ከሰሉን እንደ ጥንቱ በእጃቸው ደርድረው፣ በካርቶን እፍ እፍ አድርገው፣ ነበልባሉ እስኪሞትና ፍሙ እስኪቀላ ድረስ ቃል አይተነፍሱም። ከዚያ ድንች አመዱ ውስጥ ይቀብሩና ቀና ይላሉ። የመንገዱ መብራት ቢጫ ሆኖ ሲበራ፣ ጢሱ በብርሃኑ ውስጥ ሲጥመለመል፣ የእኛም ልጆች፣ የሩሲያዎቹም፣ የሞሮኮዎቹም ልጆች ሰብሰብ ይላሉ። ዕብራይስጥ ስለማይሆንላቸው እርሳቸው በአማርኛ ይናገራሉ፤ እኔ አስተረጉማለሁ። ያኔ ከማንም ይልቅ ትልቅ የምሆነው በዚያች ሰዓት ነበር።

ተረት ሲጀምሩ እንደ ሌላው ሰው አይጀምሩም። ፍሙን በእንጨት ቆስቆስ አድርገው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ «ልብላችሁ ወይስ ልንገራችሁ?» ይላሉ። እኛ በጩኸት «ይንገሩን!» እንላለን። እኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ነው እናቴ የነገረችኝ። በአገራቸው ጎረቤቶቻቸው የእኛን የአይሁዶቹን ቀጥቃጮች «ቡዳ ናቸው፣ ሰው ይበላሉ» ይሏቸው ነበር። ማረሻቸውን እንዲሠሩላቸው ይመጣሉ፤ ልጆቻቸውን ግን ነጠላ አልብሰው፣ ፊታቸውን ሸፍነው ነው ይዘዋቸው የሚያልፉት። አባባ ያን ስድብ አሽዶድ ድረስ ይዘውት መጥተው የተረት በር አደረጉት።

ብዙ ተረት ያውቁ ነበር፤ እኔ ደጋግሜ የማስነግራቸው ግን የሽምብራዋን ነው። አንዲት ሽምብራ ነበረች፤ ትዕቢተኛ። በረዶ አልሰበራትም፣ ወፍጮ አልደቆሳትም፣ ከቆሎ መሐል ጥሬዋን አምልጣ ከአንድ ቀጥቃጭ አፍ ገባች። ጥርሶች በር ላይ ተሰልፈው ጠበቋት። «ማን ነሽ?» አሏት። «ሽምብራ ነኝ!» አለች። ደቆሷት። ምራቅ አጥቦ፣ ምላስ ገፍቶ፣ ጉሮሮ እንደ ገደል ለቀቃት፤ ጨጓራ ውስጥ ወደቀች። ጨጓራ ያለ እሳት የምትፈላ ድስት ናት። እዚያም «ማን ነሽ?» አሏት፤ «ሽ... ሽምብራ...» አለች። አፍልተው አማሰሏት። ሐሞት የምትባል መራራ አሮጊት ከጉበት ቤት ወጥታ ምርር ያለውን ውኃዋን ደፋችባት። ከዚያ አንጀት የሚባል መጨረሻው የማይታይ መንገድ ላይ ስትንከራተት ስሟን የሚጠይቃት ቢመጣ መልስ አጣች። ያን ጊዜ ደም አህያውን እየነዳ መጣና «አሁን ተጫኝ» አላት። ጫናት፤ ተሸክሞ ዞረ። ጥቂቷን ለጥፍር ሰጠ፣ ጥቂቷን ለዓይን ሽፋሽፍት፣ የቀረችውን ለቀጥቃጩ ክንድ። በማግስቱ ቀጥቃጩ መዶሻውን ሲያነሣ፣ ያነሣችው እርሷ ናት።

አንድ ምሽት ይህን ተረት ጨርሰው፣ ልጆቹ ትኩስ ድንች እያገላበጡ ሲስቁ፣ እኔ ጠጋ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ እኔ ሆድ ውስጥ ደሙ አህያውን ይዞ ለምን አይመጣም?»

አባባ ፍሙን ቆሰቆሱት። በሻካራ እጃቸው ራሴን ዳበስ አድርገው ድንቹን ላጡልኝ።

ያኔ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ይሆነኛል። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ አስተማሪዋ ንግግሯን ሳትጨርስ ወደ ሽንት ቤት እሮጣለሁ። የትምህርት ቤቱ ነርስ መዘነችኝ፤ እንደገና መዘነችኝ፤ ጠዋት ምን እንደ በላሁ ጠየቀችኝ። «ዳቦ በሻይ» አልኳት። ማታስ? «እንጀራ በምስር»። ቅንድቧን ከፍ አደረገች። ብዙም ሳይቆይ ሬቫሃ ከሚባለው፣ የተቸገሩ ቤተሰቦችን ከሚከታተለው ቢሮ አንዲት ሴት ቤታችን መጣች።

ክፉ ሴት አልነበረችም። ወጣት ናት፣ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ሳቋ የማይቋረጥ። አባባ እንግዳ እንደ መጣ ተነሥተው ወንበር አቀረቡላት፤ እርሷ ግን ቆማ ቤቱን ታያለች። ፈቃድ ጠየቀችና ፍሪጁን ከፈተች። የፍሪጁ ብርሃን ፊቷ ላይ በራ። ወጡን ክዳን ገልጣ አየች፣ ወተቱን አነሣች፣ እርጎውን ገፋ አደረገች። እናቴ ከፋብሪካ እንደ መጣች፣ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር፣ እጇን አጣምራ ቆማለች። ሴትየዋ የተናገረችውን የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ፤ በእናቴና በእርሷ መሐል ቆሜ፣ ስለ ራሴ።

«ልጅቱ በቂ ምግብ ታገኛለች ወይ ትላለች።»

እናቴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። የመለሱት አባባ ናቸው፤ ሳይጮኹ፣ እየሣቁ ማለት ይቻላል።

«በያት፦ እዚያ ሰው ትበላላችሁ አሉን፤ እዚህ ደግሞ ልጅ አታበሉም አሉን። እኛ በሁለቱም አገር ሽሮ ነው የበላነው።»

አስተረጎምኩት። ሴትየዋ ፈገግ አለች፤ አልገባትም።

ከዚያ በኋላ በትምህርት ቤት ትኩስ ምሳ እንድበላ ተደረገ። ፓስታ፣ ኩስኩስ፣ በዳቦ ዱቄት የተለበጠ የዶሮ ሥጋ። ለእናቴም ጠዋት ጠዋት ዳቦ በአይብ እንድትሰጠኝ ተነገራት፤ እናቴም ማንም ሁለተኛ አፉን እንዳይከፍትባት ብላ አንዱን ሁለት አደረገችው። እኔ ሁሉንም በላሁ። እናቴ ስትፈራ ዓይቻለሁና ፍርፋሪ እንኳ አላስቀረሁም። በበላሁ ቁጥር ግን መነመንኩ። ሆዴ ይባስ ተነፋ፣ ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ መውጣት አቅቶኝ ሁለተኛው ፎቅ ላይ እቀመጥ ጀመር። ደሜ አንሷል ተብሎ የብረት ጠብታ ታዘዘልኝ፤ ጥርሴን አጠቆረው እንጂ ደሜን አልጨመረውም። አባባ ብልቃጡን በብርሃን አሻግረው እያዩ «የቀጥቃጭ ዘር ብረት አነሣት!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ሞተ።

ሴትየዋ ሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ ስለ ፕኒሚያ አነሣች። ልጆች ከቤታቸው ርቀው የሚያድሩበት፣ የሚማሩበት ቦታ ነው። «እዚያ በሰዓቱ ትበላለች፣ ክትትልም አላት» አለች። ማስተርጎም አላስፈለገም፤ እናቴ ያን ቃል ታውቀዋለች። በሕንፃችን ልጆቻቸው ወደዚያ የሄዱባቸው ቤቶች አሉ፤ ልጆቹ ለሰንበት ሲመለሱ ከእናቶቻቸው ጋር የሚያወሩበት ቋንቋ ጠፍቷቸው ቴሌቪዥን አብረው ያያሉ።

በዚያ ምሽት አባባ ፍም አላነደዱም። ልጆቹ ከታች ሆነው ጠሯቸው፤ እርሳቸው መስኮቱን ዘጉት።

በነጋው ነጩን ኩታቸውን ለበሱ፣ ባርኔጣቸውን ደፉ፣ ከዘራቸውን አነሡ። እናቴ ያን ቀን ሥራ አልገባችም። ሦስታችን ሆነን ኩፓ ወደምንለው የሰፈሩ ክሊኒክ ሄድን። ዶክተሯ ከሩሲያ የመጣች፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ዕብራይስጧ እንደ ጠጠር የሚንኳኳ ሴት ነበረች። ክብደቴን አየች፣ ዓይኔን ገልጣ አየች፣ «አልጨመረችም፤ መብላት አለባት» ብላ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

አስተረጎምኩ። አባባ ከወንበሩ ወርደው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ። ያ በር ካልተከፈተ የሚቀጥለው በሽተኛ አይገባም።

«በያት» አሉኝ። «ልጅቱ ትበላለች።»

«ትበላለች ይላሉ።»

«አፏ ሲገባ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ስታኝክም አይቻለሁ። ስትውጥም አይቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ አላየውም፤ እርሱን ማየት የእርስዎ ሥራ ነው። የበላችው የት እንደሚሄድ ሳይነግሩኝ አልነሣም።»

አባባ ዶክተሯን አንቱ ብለው ነበር የሚያናግሯት፤ ዕብራይስጥ ግን አንቱ የለውም። እኔ ሳስተረጉመው ትሕትናው ሁሉ ወደቀና እምቢታው ብቻ ቀረ። ማለዘብ እችል ነበር። ልጆች የሚያስተረጉሙባቸው ቤቶች ውስጥ ሁሌም የምናደርገው ነው፤ የትልልቆቹን ቁጣ እናበርዳለን፣ የቢሮውን ንቀት እናጣፍጣለን። ያን ቀን ግን አላለዘብኩም። ቃል በቃል ነገርኳት፤ «አልነሣም» የሚለውን እንዲያውም ጮክ አድርጌ።

ከበሩ ውጭ ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። አንዱ በጡጫ በሩን መታ። እናቴ ራሷን አቀርቅራ፣ ግን እጄን አጥብቃ ይዛ ቆማለች። ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች፣ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችኝ፣ ሆዴን በዝግታ ተጫነች፣ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀችኝ፦ ሽንት ቤት ስቀመጥ ምን እንደሚወጣኝ፤ ቀለሙ፣ ሽታው፣ ውኃው ላይ መንሳፈፉ። አባባ ፊት አፈርኩ። ማፈሬ ገባቸው።

«ንገሪያት፣ እድሌ። አንጀት ነውር የለውም።»

ነገርኳት። ከዚያ ለየት ያለ የደም ምርመራ አዘዘች፤ ስንወጣም አባባን ከመሬት ክንዳቸውን ይዛ ያነሣቻቸው እርሷ ነበረች።

ደሙ የሆነ ነገር ተናገረ። ያኔ አሽዶድ የራሷ ሆስፒታል አልነበራትምና ወደ ሌላ ከተማ ተላክን። አስተኝተው በአፌ ቀጭን ቱቦ አስገቡ፤ ጫፉ ላይ ዓይን ያለው ቱቦ። የሽምብራዋን መንገድ ይዞ ወረደ ማለት ነው፤ እኔ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ። ከቀናት በኋላ የሆስፒታሉ ዶክተር፣ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰውዬ፣ ጠርቶን ሦስታችንንም ስክሪን ፊት አስቀመጠን።

አጥርቶ ነገረን። ጥርስ ምግብን የሚሰባብረው ሥራውን ለመጀመር ብቻ ነው፤ ምራቅ ዳቦውን ገና አፍ ውስጥ ሳለ ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራል። ጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ ቆዳ የሚያቃጥል ዓይነት ነው፤ ሥጋውንና እህሉን ወደ ገንፎ፣ ከገንፎም ወደ አጥሚት ይለውጠዋል። ከዚያ ከጉበት ሐሞት ይመጣና ስቡን ይበታትነዋል፣ ከቆሽትም ሌላ ፈሳሽ ይመጣና የቀረውን ይቆራርጣል። ይህ ሁሉ ግን ማዘጋጀት ነው እንጂ መብላት አይደለም። «ሰው በእውነት የሚበላው እዚህ ነው» አለና ቀጭኑን አንጀት አሳየን። የጤነኛ ልጅ አንጀት ውስጡ ለስላሳ ቱቦ አይደለም፤ እንደ አዲስ ፎጣ ጠጉር አለው። እያንዳንዱ ጠጉር ውስጥ ደም ይመላለሳል። የተፈጨው ምግብ በዚያ ጠጉር መሐል ሲያልፍ ይመጠጥና ወደ ደም ይገባል። የቀረው ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ ትልቁ አንጀት ውኃውን መልሶ ይወስዳል፤ ገለባው ይወጣል።

ቀጥሎ የእኔን አንጀት ፎቶግራፍ አሳየ። ጠጉር የሚባል አልነበረውም። ብዙ እግር የረገጠው የበር ምንጣፍ ይመስል ነበር።

ሕመሙ ጼሊያክ ይባላል አለን። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ወደ አንጀቴ ሲደርስ ሰውነቴ ጠላት የመጣ መስሎት ይዋጋል፤ በውጊያው የሚጎዳው ግን የራሱ አንጀት ነው። ጠጉሩ ይረግፋል። ስለዚህ የፈለግሁትን ያህል ብበላ፣ ብረቱም፣ ስቡም፣ ቪታሚኑም አጠገቡ አልፎ ይሄዳል። «ችግሩ መብላት አይደለም» አለ። «ክሊታ የለም።»

ክሊታ ማለት መቀበል፣ ወደ ውስጥ ማስገባት ማለት ነው። እናቴና አባባ ግን ቃሉን ያወቁት በሌላ በኩል ነው፤ ከአውሮፕላን እንደ ወረዱ፣ አዲስ መጪዎች ቋንቋና ኑሮ እስኪለምዱ የሚቀመጡበት ቦታ ስሙ የክሊታ ማዕከል ነው፤ እዚያም ዓመታት ቆይተዋል። አባባ ማስተርጎሜን ሳይጠብቁ «ምን አለ? ክሊታ የለም አለ?» አሉና ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «ይህን ለእኛ ይነግረናል! ገብተን ገብተን፣ ቆመን የቀረነው እኮ እዚያው በር ላይ ነው!» እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ወራት ሆኗት ነበር ከሳቀች። ዶክተሩ ምን እንደሚያስቀን ጠየቀኝ። ነገርኩት። እርሱም ሳቀ፤ ከዚያ ጆሮው ቀላ።

ሳቁ እስከ አውቶቡሱ አልዘለቀም። መንገድ ላይ እናቴ በድንገት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጤፍ ውድ ነበርና እንጀራችንን የምታቦካው የስንዴ ዱቄት ቀላቅላ ነው፤ እንደ አብዛኛው የሰፈራችን ሴት። የጎዳኝ የትምህርት ቤቱ ፓስታ ብቻ አልነበረም፤ የቤታችንም ገበታ ነበር። «በእጄ» አለች፣ «በገዛ እጄ ሳጎርሳት!» አለቀሰች። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች አዩን። አባባ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም።

«ዐውቀሽ አላደረግሽውም። ወደ ቤት ስንገባ ጤፉን ለዪ፣ ስንዴውን ስጪ፣ አለቀ።»

እንዲህም ሆነ። ስንዴው ለጎረቤት ተሰጠ፣ ቡሀቃው ተፋቀ፣ ማማሰያው ተለወጠ። እናቴ ፋብሪካ ውስጥ በሳምንት አንድ ቀን ሰዓት ጨምራ ትሠራ ጀመር፤ ጤፉ ንጹሕ እንዲሆን። ቤታችን ዳቦ መግባት አቆመ። አባባ ለሰባ ዓመት የለመዱትን የጠዋት ዳቦ በሻይ ትተው ድንች በሻይ ጀመሩ፤ «ከእርሷ የተለየ ገበታ አልቀርብም» አሉ፤ እናቴ ብትለምናቸውም አልሰሙም።

ቀስ በቀስ ነበር የመጣው። መጀመሪያ ቁርጠቱ ተወኝ፤ ቀጥሎ እንቅልፉ። ከዚያ ደግሞ ሆዴ እንደ ተፈታ ከበሮ ረገበ፣ ጉንጬ ሞላ፣ አንድ ቀን ሳላስበው ደረጃውን እስከ ሦስተኛው ፎቅ ሮጬ ወጣሁ። አባባ በር ላይ ቆመው ነበርና እያለከለክሁ ስደርስ «ይኸው! አህያው መጣ!» ብለው ለሰማይ ጮኹ።

ፍሙ እንደገና ተነደደ። አሁን ግን ተረቱን ስሰማ ዝም ብዬ አልሰማም ነበር። ከዶክተሩ የሰማሁትን ይዤ እከራከራቸዋለሁ፦ ሐሞት ብቻዋን አይደለችም፣ ቆሽትም አለ፤ አንጀቱ ጠጉር አለው፤ ደሙ የሚጭነው ከጠጉሩ ላይ ነው። አባባ ጠጉሩን ወደዱት፤ ወዲያው ተረቱ ውስጥ እንደ ሜዳ ሣር አበቀሉት፣ አህያውንም አስጋጡበት። አንድ ነገር ላይ ብቻ አልተስማማንም። እርሳቸው በአገራቸው በግ ሲያርዱ ያዩትን ይዘው ሰውም እንደ በግ ሽንፍላ አለው ይሉ ነበር። «የለውም አባባ! ሰው ጨጓራው አንድ ነው፤ አያመሰኳም እኮ!» እላቸዋለሁ። «ሰው አያመሰኳም?» ይሉኛል፤ «ታዲያ እናትሽ የዛሬ ዓመት የተባለችውን ዛሬም የምታኝከው በምኗ ነው?»

ተሸንፌ ድንቼን እበላለሁ።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል የሬቫሃዋ ሴት መጣች። እኔ እንደ ልማዴ ለማስተርጎም በመሐላቸው ቆምኩ። ሴትየዋ አየችኝ፤ ዙሪያዬን ዞራ አየችኝ፤ ፊቷ በራ። «እንዴት ደስ ይላል! አያችሁ፣ ትክክለኛ ምግብ ስታገኝ!» አለች። አፌን ለመክፈት ስል እናቴ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ዛሬ አታስተርጉሚ» አለችኝ። «ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልኩ። አባባም ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። እናቴ የፋብሪካ ልብሷን እንደ ለበሰች፣ ፀጉሯን በሻሽ እንዳሠረች፣ በሕይወቷ ለቢሮ ሰው ተናግራው በማታውቀው ዕብራይስጥ ጀመረች። ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች፣ እያገኘች፣ እያስቀመጠች ነበር የምትናገረው።

«አንቺ ፍሪጅ አየህ። ልጅ አላየህም። ልጄ በላ። ትናንት በላ፣ አምና በላ፣ ሁልጊዜ በላ። በሽታ ነበር። ዶክተር አሁን ያውቃል። አንቺ ትጠይቃለች፣ እኔ እነግራለሁ። አንቺ አልጠየቀም። ልጄ የትም አይሄድም። ፕኒሚያ የለም። እዚህ ቤት ነው። ቡና ትጠጫለህ?»

የሴትየዋ ሳቅ ጠፋ። ቀስ ብላ አባባ በመጀመሪያው ቀን ያቀረቡላት ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ቤታችን ስትቀመጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። «እሺ» አለች፣ «ንገሪኝ» አለች። እናቴም ነገረቻት፤ ከመጀመሪያው። የፕኒሚያ ነገር ከዚያ ወዲያ በቤታችን አልተነሣም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሆነ። አባባ እኔ ወታደር ቤት ሳለሁ አረፉ። ተረቶቻቸው ከእኔ ዘንድ አሉ፣ ግን እንደ ነበሩ አይደሉም፤ አንዱን ስጀምር ከሌላው ይቀላቀልብኛል፣ የሩሲያዎቹ ልጆች የጨመሩት የቱ እንደሆነ፣ እርሳቸው የተናገሩት የቱ እንደሆነ መለየት ያቅተኛል። የከሰሉ ሽታ ከልብሴ ለቋል። ዕብራይስጤም ያለ እንከን ሆኗል፤ በየቢሮው፣ በየመሥሪያ ቤቱ ስናገር ከየት እንደ መጣሁ ስልክ ላይ የሚለየኝ የለም። ሆኖም ትከሻዬ ላይ ተጭነው ልክሽን ዕወቂ የሚሉኝ ሰዎች ፊት ስቆምና እምቢ ማለት ሲኖርብኝ፣ ያማረው ዕብራይስጤ ከአፌ ይሸሻል፤ ጆሮዬ የሚፈልገው የእናቴን ነው። ያኔ፣ በዚያች ትንሽ ሳሎን፣ ወንዱና ሴቱ የተደበላለቀ፣ ግሱ ከጊዜው የተጣላ፣ ከዳር እስከ ዳር የተሰባበረ ንግግር ነበር። አንዲት ቃል ግን ከበር አልተመለሰችም። ሁሉም ገባ።